ብየዳ ሳትችዪ የምትጠግኚው ቱቦ

እህቴ፣ ጅማ ሄርማታ ሰፈር የሚኖሩት አክስትሽ ከወጥ ቤታቸው የዕቃ ማጠቢያ ሥር የሚያፈሰውን የፍሳሽ ቱቦ እንድታዪላቸው ቢጠሩሽ «ብየዳ ገና አልተማርኩም» ብለሽ መቅረትሽን ጽፈሽልኛል። የቧንቧ ሥልጠናውን ትቼ ወደ ብየዳ ልዙር ወይ ብለሽም ጠይቀሽኛል። አትዙሪ። ብየዳ መልካም ሙያ ነው፤ የአክስትሽ ቱቦ ግን ፕላስቲክ ስለሆነ የጅማ በያጅ ሁሉ ቢሰበሰብ አይበይደውም።

የፍሳሽ ቱቦ እንደ ንጹህ ውኃው መስመር ግፊት የለበትም፤ ውኃው በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ የሚፈልገው እሳት ሳይሆን ጎማ፣ ሙጫና ዓይን ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ዓይኑ ነው። ውኃ በቱቦው ጀርባ ተንሸራትቶ ዝቅ ካለው ቦታ ስለሚወድቅ፣ የሚንጠባጠብበት ሁልጊዜ የሚያፈስበት አይደለም። ቱቦውን በጨርቅ አድርቂ፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሶፍት ጠቅልዪ፣ ከላይ ውኃ ልቀቂ። ቀድሞ የረጠበው ሶፍት ቦታውን ይነግርሻል።

የሚያፈሰው ሲፎኑ፣ ማለትም ከማጠቢያው ሥር ውኃ የሚያቁረው ክፍል፣ ከሆነ ከሥር ባልዲ አድርገሽ ፍቺው። ጅማ ነሽና ውስጡ የቡና አተላ ብታገኚ አይግረምሽ (አተላው ወደ ጓሮ ቢደፋ እንደሚሻል ለአክስትሽ በትህትና ንገሪያቸው)። የመጋጠሚያው ጎማ ከደረቀ ለውጪው፤ ሾጣጣ ከሆነ ቀጭኑ ጎን ወደሚገባበት መጋጠሚያ ይዙር። በእጅ አጥብቂው። በመፍቻ ስታገል የፕላስቲኩን ማጥበቂያ ሰንጥቄ አውቃለሁና ከእኔ ተማሪ።

የተሰነጠቀው ቱቦው ራሱ ከሆነ የተጎዳውን ቆርጠሽ አውጪ፤ አዲሱን ቁራጭ በመገናኛ ትተኪያለሽ። ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ አድርቂ፣ ሁለቱንም ወገን የፒቪሲ (የፕላስቲክ ቱቦ) ሙጫ ቀቢ፣ ሩብ ዙር እያዞርሽ አስገቢና ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዢው። ሙጫው ሳይደርቅ ውኃ አይለቀቅ፤ መስኮቱም ክፍት ይሁን። ካላማዳሪያ ጠምጥሞ ማሰር ለአንድ ሌሊት ይረዳል እንጂ ዋጋ የሚጠየቅበት ሥራ አይደለም።

እሳት የምትነኪበት ቀንም ይመጣል፤ ለንጹህ ውኃ የሚዘረጋው ፒፒአር የተባለ የፕላስቲክ ቱቦ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚግል መሣሪያ ነው የሚጣበቀው። ሥልጠናሽን ጨርሰሽ የብቃት ምዘናውን ውሰጂ። ከአክስትሽ የዕቃውን ብቻ ተቀበዪ፤ ወሬውን ሰምተው ከሚጠሩሽ ጎረቤቶች ጋር ግን የዕቃውንና የእጅሽን ዋጋ ለይተሽ ሥራው ሳይጀመር ተስማሚ። ለአክስትሽ ቱቦ ምዘናውን አትጠብቂ፤ ቅዳሜ ሶፍትና ባልዲ ይዘሽ ሂጂላቸው።