መስመሮቹ የተጋጠሙ ይመስላሉ፤ ሶፍትዌሩ ግን አይቀበለኝም

ጥያቄ፦ ለዓመታት በእርሳስና በማስመሪያ ስሠራ ከቆየሁ በኋላ በቅርቡ አውቶካድ የተባለውን የኮምፒውተር ንድፍ ሶፍትዌር መማር ጀምሬአለሁ። በወረቀት ላይ ቶሎ የምጨርሰው የአንድ ክፍል ፕላን አሁን ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። መስመሮቹ ጥግ ላይ የተጋጠሙ ሆነው እያየኋቸው ግድግዳውን በሃች (የተዘጋ ቅርጽን ውስጡን በሰረዝ ወይም በቀለም በሚሞላው ኮማንድ) ልሞላ ስል ዙሪያው አልተዘጋም የሚል መልስ ይመጣል። ከሌላ ፋይል ያመጣሁት በር ንድፌ ውስጥ ሲገባ ነጥብ ያህል አንሶ ይቀመጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሥራዬ በሙሉ ከስክሪኑ ላይ ይጠፋል። ወደ ወረቀት ልመለስ ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ?

መልስ፦ ወደ ወረቀት መመለስ አያስፈልግዎትም። ካነሷቸው ችግሮች መካከል የሃቹ ጉዳይ ለሌሎቹም መንገድ ስለሚከፍት ሰፋ አድርገን እንመለከተዋለን።

በወረቀት ላይ ሁለት መስመሮች ተገናኙ የሚባለው ዓይን ክፍተት ሳያይ ሲቀር ነው፤ ትንሽ ስሕተት ቢኖርም የእርሳሱ ውፍረት ይሸፍነዋል። አውቶካድ ግን የእያንዳንዱን መስመር መነሻና መድረሻ በቁጥር ይመዘግባል፤ መስመሩም ውፍረት የለውም። ለምሳሌ 4 ሜትር እንዲሆን ያሰቡት ግድግዳ በማውስ ግምት ተስቦ 3999.7 ሚሊሜትር ላይ ቢቆምና የጎኑ ግድግዳ ከ4000 ላይ ቢነሣ፣ በመካከላቸው የ0.3 ሚሊሜትር ክፍተት ይቀራል። ክፍሉ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ሲታይ ይህ ክፍተት ፈጽሞ አይታወቅም፤ ይባስ ብሎ የልኬት ጽሑፉ ክፍልፋይ እንዳያሳይ ከተደረገ ቁጥሩን አጠጋግቶ 4000 ብሎ ስለሚጽፍ፣ የተሳሳተውን ንድፍ ትክክል ነው ብለው እንዲያምኑ ያደርግዎታል። ሃች የሚያነበው የተመዘገበውን ቁጥር በመሆኑ አልቀበልም ማለቱ ትክክል ነው።

የዓይን ግምት ለኮምፒውተር ንድፍ እንደማይበቃ ከጅምሩም የታወቀ ነው። ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በኤምአይቲ ባቀረበው ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም፣ የብርሃን ብዕሩ ወደ አንድ መስመር ሲጠጋ ፕሮግራሙ ራሱ በመስመሩ ላይ ያለውን ነጥብ ይይዝ ነበር። በአውቶካድ ይህን ሥራ የሚሠራው ኦብጀክት ስናፕ ነው። በኤፍ 3 ቁልፍ ይከፈታል፤ የመስመር ጫፍ ላይ ሲደርሱም ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት ያሳያል። ያ ምልክት ሳይታይ ጥግ ላይ ክሊክ አያድርጉ። ርዝመቱን ደግሞ በማውስ ከመጎተት ይልቅ በኤፍ 8 ኦርቶን (መስመር በአግድም ወይም በቁም ብቻ እንዲሄድ የሚያደርገውን) ከፍተው፣ አቅጣጫውን በማውስ አመልክተው፣ 4000 ብለው ጽፈው ኢንተር ይጫኑ።

ቀድሞ የተሠራውን ንድፍ ለማስተካከል ሁሉንም ማጥፋት አይጠበቅብዎትም። ሃቹ እምቢ ሲል ያልተጋጠሙትን ጫፎች በቀይ ክብ ስለሚያመለክት ወደዚያ ቀርበው ይመልከቱ፤ ከዚያ ሁለት መስመሮችን ጥግ ላይ የሚያገናኘውን ፊሌት የተባለ ኮማንድ የማጠፊያ ሬዲየሱን 0 አድርገው ሁለቱን መስመሮች ቢመርጡ ጥጉ በትክክል ይገጥማል። ሃች አነስተኛ ክፍተትን ችሎ እንዲያልፍ የሚያደርግ ማስተካከያም አለ፤ ነገር ግን ለጀማሪ አንመክረውም፤ ምክንያቱም ክፍተቱ ስለማይጠፋ የክፍሉን ስፋት ማስላት ሲፈልጉ ተመልሶ ይገጥምዎታል።

የበሩ ነገር የመለኪያ አለመጣጣም ነው። የእርስዎ ፕላን በሚሊሜትር፣ በሩ ደግሞ በሜትር ከተነደፈ፣ 0.9 ተብሎ የተመዘገበው ስፋት በፕላንዎ ውስጥ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ይሆናል። ዩኒትስ በተባለው ኮማንድ የሁለቱም ፋይሎች መለኪያ በትክክል ከተሞላ፣ ሶፍትዌሩ በሩን ብሎክ (እንደ አንድ ዕቃ የሚያዝ የመስመሮች ስብስብ) አድርጎ ሲያስገባ ራሱ ያመጣጥነዋል፤ አስቀድሞ የገባውን ግን በስኬል ኮማንድ 1000 እጥፍ ያሳድጉት። በወረቀት ልማድ ልኬቶችን ለ50 ወይም ለ100 እያካፈሉ የሚነድፉ ከሆነም ይተዉት፤ በአውቶካድ ሁሉም ነገር በእውነተኛ መጠኑ ይነደፋል፤ የወረቀቱ ስኬል የሚወሰነው ሌይአውት በተባለው የኅትመት ገጽ ላይ ሲዘጋጅ ነው።

የሚፈጀው ጊዜ ከእርስዎ ድክመት የመጣ አይደለም። የመጀመሪያውን ፕላን በመንደፍ ረገድ የለመደ እጅ ከጀማሪ አውቶካድ መቅደሙ የማይቀር ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው ግድግዳው በ20 ሳንቲሜትር ይገፋ ሲባል ነው፤ በእርሳስ የሚሠራው ሲፍቅና እንደገና ሲያሰምር፣ አውቶካድ ስትሬች በተባለ አንድ ኮማንድ ይጨርሰዋል።

የጠፋው ንድፍ አብዛኛውን ጊዜ ከዕይታ ርቆ ነው እንጂ አልተሰረዘም። ዙም ኤክስቴንትስ የሚለውን ሲያዙ በፋይሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታያል። ያን ጊዜ ፕላንዎ በስክሪኑ አንድ ጥግ ላይ በጣም አንሶ ከታየ፣ ሳያውቁት የተቀመጠ መስመር ወይም ጽሑፍ ሩቅ ቦታ ላይ አለ ማለት ነው፤ ፈልገው ያጥፉትና ትእዛዙን ይድገሙት።