እህቴ፣ ሰዋስውን ከ«ሀ» አትጀምሪው

«ዲግሪ አለኝ፤ ፈተና ላይ የእንግሊዝኛ ሰዋስው አይከብደኝም። አፌን ስከፍት ግን ሁሉም ይጠፋብኛል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ቃለ መጠይቅ አለኝ፤ የትኛውን የሰዋስው መጽሐፍ ላንብብ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፤ እኔ እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

መጽሐፍ አትግዢ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሕግ አልጎደለውም። የጎደለሽ፣ ስትናገሪ አማርኛሽ የት የት ላይ ጣልቃ እንደሚገባ ለይቶ ማወቅ ነው። ቦታዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቻችን የምንሰናከለውም እዚያው ላይ ነው።

ይህን ያስተማረኝ አንድ ጠዋት ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግዳ ጉማሬ ለማየት ጀልባ ተቀጥሮላቸው ነበር። ነፋስ ስለተነሳ ጀልባ ቀዛፊው እንደማይመጣ ደውሎ ነገረኝ። እንግዳዋ ቦርሳቸውን አንግተው መጡና «ኢዝንት ዘ ቦት ካሚንግ?» አሉኝ፤ ጀልባው አይመጣም እንዴ ማለታቸው ነው። እኔም «የስ» አልኳቸው። በልቤ «አዎ፣ አይመጣም» ማለቴ ነበር። እርሳቸው ግን ይመጣል ብዬ የነገርኳቸው መስሏቸው ወደ ሐይቁ ወረዱ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ሲመለሱ ፊታቸው ቀልቶ፣ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ «የስ ብለሽኝ አልነበር?» ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ! አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአማርኛ «አልበላሽም?» ስትባዪ «አዎ፣ አልበላሁም» ትያለሽ፤ «አዎ» የሚስማማው ከጠያቂው አባባል ጋር ነው። በእንግሊዝኛ ግን «የስ» እና «ኖ» የሚከተሉት እውነታውን ነው። ካልበላሽ፣ ጥያቄው እንዴትም ይምጣ፣ መልሱ «ኖ» ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣብሽ የጠያቂውን ቃል ተዪና ነገሩን አስቢ፦ ጀልባው ይመጣል ወይስ አይመጣም? ካልመጣ «ኖ፣ ኢት ኢዝንት»። ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ከተናገርሽው ማንም አይሳሳትም። «ሰዋስውን ተዪው፣ ዝም ብለሽ አውሪ» ብለው የመለሱልሽ ሰዎች ፍርሃትን ስለማሸነፍ ያሉት ትክክል ነው። ሥራ ላይ ግን አንዲት የተሳሳተች ቃል ሰው ፀሐይ ላይ ታቆማለች።

ሌላው «በ» ነው። እኛ በጠዋት፣ በሰኞ ዕለት፣ በአውቶቡስ፣ በቢላዋ እንላለን፤ ለሁሉም አንድ ፊደል ይበቃናል። እንግሊዝኛው ኢን ዘ ሞርኒንግ፣ ኦን መንደይ፣ ባይ ባስ፣ ዊዝ ኤ ናይፍ እያለ ይለያያል። መስተዋድዱን ለብቻው ብታጠኚው አይያዝልሽም፤ ከባልንጀራው ጋር እንደ አንድ ቃል ያዢው። እንደዚሁ «አስረዳኝ» ስለምንል «ኤክስፕሌይን ሚ» እንላለን፤ «ኤክስፕሌይን ቱ ሚ» ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ» ላይ «አባውት» እንጨምራለን፤ አያስፈልገውም።

ቃለ መጠይቅ ላይ በእርግጠኝነት የሚመጣብሽ ደግሞ የጊዜ ነገር ነው። «እዚህ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» የሚለውን በቀጥታ ወስደን «አይ አም ዎርኪንግ ሂር ናይን ይርዝ» እንላለን። ትክክለኛው «አይ ሃቭ ዎርክድ ሂር ፎር ናይን ይርዝ» ነው። «ፎር» ለርዝመቱ፣ «ሲንስ» ለመነሻው። መነሻውን ስትናገሪ የዘመን አቆጣጠሩን አትርሺ፦ ሐምሌ 2014 ከተመረቅሽ፣ ለውጭ ሰው 2022 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ሰዓትም እንዲሁ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት «ኤይት» ነው። ሲጠፋብሽ በሰዓቱ ፊት ላይ ትይዩ ያለውን ቁጥር ተመልከቺ፤ ሁለት ከስምንት፣ ሦስት ከዘጠኝ ይተያያሉ።

አሁን ወደ ልምምዱ። እኔን የለወጠኝ ባለ 50 ገጽ ደብተር ነው። ማታ ወደ ሰፈሬ ወደ አቶቴ በባጃጅ እየተመለስኩ የዕለቱን ነገር በሐሳቤ በእንግሊዝኛ እደረድራለሁ፤ ቤት ስገባ ስድስት መስመር ብቻ እጽፋለሁ። በማግስቱ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ለሁለት ሳምንት አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ አርማለሁ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማረም ሰውን ያሰለቻል፤ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ያቋረጥኩት በዚያ ምክንያት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግሡ መጨረሻ ላይ ለምትመጣው ኤስ ነበሩ። ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስንናገር ግን «ሺ ዎርክስ» በማለት ፋንታ «ሺ ዎርክ» እንላለን። ለምን እንደሆነ የገባኝ ደብተሬን ሳገላብጥ ነው፦ ሁሉም መስመር ስለራሴ ነበር። «አይ» እያልሽ ከተለማመድሽ ኤስን መቼ ትጠሪያታለሽ? ከዚያ በኋላ ስለ እህቴ መጻፍ ጀመርኩ። «ማይ ሲስተር ሊቭዝ ኢን ዲላ። ሺ ሴልዝ ኮፊ። ሺ ጌትስ አፕ ኧርሊ።» በየማታው ስለ ሌላ ሰው፦ ስለ ጥበቃው፣ ስለ ጎረቤቴ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ስለምትጠብሰው ሴት። በሁለተኛው ሳምንት ኤሷ ሳልፈልጋት በራሷ መምጣት ጀመረች።

ለጆሮሽ ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረውን ስፔሻል ኢንግሊሽ የተባለ የሬዲዮ ዝግጅት ፈልጊ። ወደ 1,500 በሚጠጉ ቃላት፣ በዝግታ የሚነበብ ነበር፤ የቆዩ ቅጂዎቹ ኢንተርኔት ላይ አሉ። ሦስት ደቂቃ ያህል ስሚና አቁመሽ እየተከተልሽ ድገሚው። ፊልም ለጊዜው ይቆይ፤ ፍጥነቱ ተስፋ ያስቆርጣል።

ሦስት ሳምንት አለሽ። ዛሬ ማታ ስለ እናትሽ ወይም ስለ ጓደኛሽ ስድስት መስመር ጻፊና እዚሁ ከመልሴ ሥር አስቀምጪልኝ፤ ነገ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ። ለጊዜው ኤሷን ብቻ ነው የማርምልሽ።