ለኢንትራኔት ገጾች የዋየርፍሬም ቴምፕሌት አጠቃቀም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችንን ኢንትራኔት (ለሠራተኞች ብቻ የሚከፈት የውስጥ ድረ ገጽ) እንድነድፍ ተመድቤያለሁ። ከፊግማ (የገጽ መንደፊያ ሶፍትዌር) ዝግጁ የዋየርፍሬም፣ ማለትም የገጽ አቀማመጥን ብቻ የሚያሳይ ረቂቅ ንድፍ፣ ቴምፕሌት ወስጄ ብጀምር ይሻላል ወይስ ከባዶ ልነሣ?

መልስ፦ ቴምፕሌት ጊዜ ስለሚቆጥብ ቢወስዱ እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የተዘጋጁት ለሕዝብ ክፍት ለሆኑ ድረ ገጾች በመሆኑ የመነሻ ገጹን ግማሽ የሚሸፍን ትልቅ ምስልና የማስተዋወቂያ ጽሑፍ ይዘው ይመጣሉ። ኢንትራኔት የሚከፍት ሠራተኛ ግን የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ፣ የባልደረባውን ስልክ ወይም የጸና መመሪያ አግኝቶ ቶሎ ወደ ሥራው መመለስ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ አስቀድሜ ያንን ምስል አነሣና የፍለጋ ሳጥኑንና በየቀኑ የሚፈለጉትን አገልግሎቶች በቦታው አስገባለሁ።

ጥያቄ፦ በሳጥኖቹ ውስጥ ያለውን የማስመሰያ ጽሑፍ እንዳለ ብተወው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ከሁሉ አብልጬ የማሳስበውም ይህንን ነው። የሠራተኞች ማውጫን እንውሰድ። በቴምፕሌቱ ካርድ ላይ ባለ ሁለት ቃል ስም፣ አጭር የሥራ መደብና አንድ ስልክ ቁጥር ተስተካክለው ይታያሉ። በመደቡ ቦታ «የግዥና ንብረት አስተዳደር ክፍል ከፍተኛ ባለሙያ» የሚለውን ሲያስገቡ ግን ጽሑፉ ሦስት መስመር ይይዝና ስልክ ቁጥሩን ከካርዱ በታች ይገፋዋል። ፎቶግራፍ የሌለው ሠራተኛ፣ ምንም ውጤት ያላመጣ ፍለጋ፣ ሰነዱን የማየት ፈቃድ የሌለው ሰው ምን እንደሚያይ የሚያሳዩ ገጾችም በቴምፕሌት ውስጥ እምብዛም ስለማይገኙ ራስዎ ሊሥሏቸው ይገባል።

ጥያቄ፦ ቀለምስ?

መልስ፦ ግራጫው ይበቃል። ቀለም ከገባ ውይይቱ ከአቀማመጡ ወጥቶ ወደ ቀለም ምርጫ ይዞራል።

ጥያቄ፦ ጣቢያው የሚገነባው በሼርፖይንት (የማይክሮሶፍት የኢንትራኔት መገንቢያ) ነው፤ ብዙ ሠራተኞችም በስልክ ይከፍቱታል። ቴምፕሌቱ ላይ ምን ልለውጥ?

መልስ፦ የሼርፖይንት ገጽ መደበኛ ክፍሎች የሚከፈሉት ቢበዛ በሦስት ዓምድ በመሆኑ፣ ባለ አራት ዓምድ ንድፍ አጸድቀው ግንባታ ላይ እንዳይቸገሩ ከገንቢው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ለስልክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.1 ይዘቱ በ320 ፒክሰል ስፋት ወደ ጎን ሳይንሸራተት እንዲነበብ ስለሚጠይቅ፣ በዚሁ ልክ ሁለተኛ ዋየርፍሬም ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ለስንት ሰው ላሳይ?

መልስ፦ የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 በአንድ የሙከራ ዙር 5 ተጠቃሚ እንደሚበቃ ጽፏል፤ እኔም ከተለያዩ ክፍሎች በተመረጡ 5 ሰዎች እጀምራለሁ። ዋየርፍሬሙን በወረቀት አትመው «የዓመት ፈቃድ መጠየቂያውን ይፈልጉልኝ» ይበሏቸውና ዝም ብለው ጣታቸው መጀመሪያ የት እንዳረፈ ይመዝግቡ። ከአምስቱ ሦስቱ «ቅጾች» የሚለውን አልፈው «የሰው ሀብት» ላይ ካረፉ፣ ቅጹን ወደዚያ ያዛውሩት።