ከረባት ይለበሳል ወይስ ይታሰራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የታሪክ ሰዎችን ፎቶና ሥዕል እየሰበሰብኩ አጭር መግለጫ እጽፋለሁ። «ቸርችል ነጠብጣብ ያለበት ከረባት ለብሶ» ብዬ ስጽፍ አንድ ባልደረባዬ «አስሮ» በይ አለኝ። ሌላው «አድርጎ» ይሻላል ይላል። የቱ ነው ትክክል? አጻጻፉስ ከረባት ነው ክራቫት?

መልስ፦ «አስሮ» ያሉዎት ባልደረባ ልክ ናቸው። አማርኛ ገላችን ላይ ለምናውለው ነገር ሁሉ አንድ ግስ አይበቃውም። ሸሚዝ ይለበሳል፣ ባርኔጣ ይደፋል፣ ቀበቶ ይታጠቁታል፣ ጋቢ ይደረባል፣ ቀለበት ያጠልቁታል። ሰዓትና ከረባት ግን ይታሰራሉ። ግሱን የሚመርጥልን እጃችን የሚሠራው ሥራ ነው። ከተጠራጠሩ ተቃራኒውን ይሞክሩት። ሰው ቤቱ ሲገባ ኮቱን ያወልቃል፤ ከረባቱን ይፈታል። ሲሞቀው ደግሞ ያላላዋል። የሚፈታና የሚላላ ነገር ቀድሞ የታሰረ ነው።

«አደረገ» ስህተት አይደለም። ጫማም መነጽርም ሰዓትም «ይደረጋል»። በንግግር ሁላችንም እንለዋለን። ለፎቶ መግለጫ ግን ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። «ለበሰ»ን እኔ አልቀበለውም።

የቸርችልን ነገር ካነሳን፣ እሳቸው የሚታወቁበት የቢራቢሮ ከረባት ነው። ስለዚህ «ቸርችል በጥቁር ሰማያዊ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት የቢራቢሮ ከረባት አስረው» ቢሉ ሙሉ ይሆናል።

ወደ ኋላ ሲሄዱ ግን ግሱን መቀየር ሊኖርብዎት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለፈረንሳይ የተዋጉ የክሮኤሽያ ወታደሮች አንገታቸው ላይ ጨርቅ ያስሩ ነበር። ፈረንሳዮች ነገሩን ወደዱት፤ ስሙንም ከነዚሁ ሰዎች መጠሪያ ወስደው ክራቫት አሉት። በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት ዳንቴል ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ በአለባበሱ ዝነኛ የነበረው እንግሊዛዊ ቦ ብረመል ስታርች የነካው ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ አዙሮ አዙሮ ነበር የሚቋጥረው። የብረመል ሥዕል ካለዎት «ጠምጥሞ» ይበሉ። ጥምጥም እንደምንጠመጥመው ማለት ነው። «አስሮ» ካሉ አንባቢው የዛሬውን ቀጭን ከረባት ነው የሚያስበው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ማሰርና መቋጠር ይለያያሉ። ከረባት ይታሰራል፤ አንገት ሥር ያለው ጉብታ ቋጠሮ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን ዙፋን የለቀቁት ኤድዋርድ 8ኛ፣ በኋላ የዊንድዘር መስፍን፣ በስማቸው የሚጠራ ወፍራም ቋጠሮ አለ። እሳቸው ግን በዚያ መንገድ አያስሩም ነበር። ከረባታቸውን ወፍራም ገበር አስገብተው ያሰፉት ነበር፤ ተራ ቋጠሮ ቢቋጥሩም ጉብ ይላል። ሌሎች ያንን ለመምሰል ሲሉ ነው ጨርቁን ደጋግመው ማዞር የጀመሩት። ስለዚህ በፎቷቸው ሥር «የዊንድዘር ቋጠሮ ቋጥረው» ብለው አይጻፉ። «ቋጠሮው የወፈረ ከረባት አስረው» ይበቃል።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ ቬራንዳ በአፋችን በረንዳ እንደሆነው ሁሉ እዚህም «ቫ» «ባ» ሆኖ ለምዷል። ክራቫት ብሎ የሚጽፍም አልተሳሳተም። እኔ ብሆን ለሉዊ ዘመን ጨርቅ ክራቫትን፣ ለዛሬው ከረባትን እይዛለሁ። ሁለቱ ዕቃዎች የተለያዩ ስለሆኑ አንባቢው ከስማቸው ይለያቸዋል።