ብረት ለበስ መኪና ላይ ልቀጠር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ከውትድርና ወጥቻለሁ። የባንክ ብር የሚያጓጉዝ ድርጅት ውስጥ በአጃቢነት ልቀጠር ነው፤ እናቴ ግን ፈርታለች። ሥራው ምን ይመስላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሠርቼበታለሁና እንዳለ ልንገርህ። አብዛኛው መጠበቅ ነው፤ ቆጠራ እስኪያልቅ፣ ፊርማ እስኪሟላ፣ በር እስኪከፈት። ከረጢት ስትረከብ የማሸጊያውን ቁጥር ከሰነዱ ጋር ራስህ አመሳክር፣ አለቃህ «ተወው፣ ረፍዷል» ቢልህም እንኳ፣ ምክንያቱም ብር ከጎደለ መጀመሪያ የሚጠየቀው የፈረመው ነው። ሰዓትና መንገድ ይቀያየራል። ስለዚህ «ነገ ወዴት ናችሁ?» ለሚልህ ሁሉ፣ ለእናትህም ጭምር፣ አፍህን ያዝ።

መኪናው ከባድ ነው። ጣርማ በርን አልፈህ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርድ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከዘራፊ በላይ የሚያስጨንቅህ ፍሬኑ ነው፤ ሹፌሩ በማርሽ ካልያዘው ይግልና የተቃጠለ ሽታው ውስጥ ድረስ ይገባል። መስኮት አይከፈትም። ደብረ ብርሃን ላይ ጃኬት ደርበህ ትነሳና ሸዋ ሮቢት ስትደርስ በላብ ትጠመቃለህ።

ከመፈረምህ በፊት ስለ ኢንሹራንስና ስለ ጥይት መከላከያ ሰደርያ ጠይቅ። «እሱ በኋላ ይደርሳል» ካሉህ ይቅርብህ።