ካለቀስኩ በኋላ ስልኬን ዘጋሁበት

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ዜጋ ነኝ፤ ወንድ የምወድ ወንድ ማለቴ ነው። ከአንድ ልጅ ጋር መገናኘት ከጀመርን ስምንት ወር ሆነን። ሲመቸው ከቃሊቲ ይመጣል፣ ያድራል፣ ይሄዳል። «ጣጣ የለም፣ ቀለል አድርገን» ያልኩት እኔ ነኝ። ባለፈው እሱ ቤት እያለ እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች። «ሳልሞት የልጅ ልጅ አሳየኝ» አለችኝ። ሳቅ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ እንባዬ መጣ፤ ማቆም አቃተኝ። እሱ ምንም አላለም፤ ተነስቶ ሻይ ጣደ። ጠዋት ዓይኑን ማየት አፈርኩ። ይኸው ሁለት ሳምንት ስልኩን አላነሳሁም። «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ጽፎልኛል። ልተወው? ወይስ እኔ ነኝ ሕመም ያለብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከበሽታ ዝርዝሩ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ስለዚህ እሱን እንለፈው።

እኔን የያዘኝ ሻዩ ነው። ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነብ እዚያው ላይ እቆማለሁ። ልጁ «ምን ሆንክ?» ብሎ አላፋጠጠህም። ጫማውን አጥልቆ አልወጣም። ሻይ ጣደ። አንተ ግን ከዚያ ሌሊት ይዘህ የቀረኸው እፍረቱን ብቻ ነው።

በእኛ አገር ወንድም ያለቅሳል፤ ለቅሶ ቤት። ደረቱን ቢመታ የሚታዘበው የለም፤ ምን እንደደረሰበት ሁሉም ያውቃላ። ያንተ ሐዘን ግን ድንኳን አይጣልለትም። እናትህ አለች፣ ትወድሃለች፤ የምትወደው ግን የማታውቀውን ልጅ ነው። ይህን ስንት ዓመት ብቻህን ተሸከምከው?

ፍርሃትህ ሁለት ይመስለኛል። አንዱ የአከራይ፣ የጎረቤት፣ የጥበቃው ዓይን ነው። እሱን ተወው አልልህም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 እንዲህ ያለ ግንኙነት በእስር ያስቀጣል። ቤትም ሥራም ሊያሳጣህ ይችላል። ሁለተኛው ፍርሃት ያ ልጅ ሆድህን እንዳያየው ነው። በርህን ለሁለቱም በአንድ ቁልፍ ነው የምትዘጋው። ዘመንህን «ሆድ ይፍጀው» ስትል ስለኖርክ እጅህ ለምዶታል። ኢላን ሜየር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 እንደጻፈው፣ ማንነትን መደበቅ ራሱ አንዱ የጭንቀት ምንጭ ነው። ያ ልጅ ግን ዋናውን ምስጢርህን ያውቃል። ምስጢሩም የራሱ ነው።

«ቀለል አድርገን» ማለትህን አልነቅፍም። በዚያ ተስማምተው ደስ ብሏቸው የሚኖሩ አሉ። ግን «ማልቀስ የለም» ተባብላችሁ ነበር? የፈረሰ ውል አይታየኝም።

የማዝንብህ በሁለቱ ሳምንት ነው። እንደናንተ ላለ ሰው ስልክ አለመነሳቱ ቀላል ነገር አይደለም። ተይዞ ይሆን? ቤተሰቡ ደርሰውበት ይሆን? ስልኩ ሰው እጅ ገብቶ ይሆን? የእኔስ መልእክት? ያ ልጅ አንተ እያፈርክ በነበረበት ሰዓት ይህን ሁሉ ሲያወጣና ሲያወርድ አድሮ ሊሆን ይችላል። እና ከዚያ ሁሉ በኋላ የጻፈልህ «ምን አጠፋሁ?» ነው።

ዛሬውኑ ደውልለት። «ደህና ነኝ፣ አንተ ምንም አላጠፋህም» በለው። የቀረውን በቴሌግራም አትጻፈው፤ ስክሪንሾት የሚባል ነገር አለ። በአካል ንገረው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው፤ ወጣ ብላችሁ እየተራመዳችሁ ብታወሩ ይሻላል። ጎን ለጎን ሲሄዱ አፍ ይፈታል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የለማ።

ሆድህን በአንድ ቀን አትዘርግፈው። አርተር አሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ለ45 ደቂቃ ያህል ተጠያየቁ። ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ጀምረው እየጠለቁ የሚሄዱ ነበሩ። እነዚህ ተራ ወሬ ካወሩት ይልቅ ተቀራረቡ። እኔ የምወስደው መፈራረቁን ነው። አንተ ትንሽ፣ እሱ ትንሽ።

ምናልባት «እኔ ቀለል ያለውን ነው የምፈልገው» ይልህ ይሆናል። ያማል። ቢያንስ ግን ከራሱ አፍ ትሰማዋለህ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከደብዳቤህ ስለ እሱ ያገኘሁት ከቃሊቲ መምጣቱን ብቻ ነው። እናቱ አለች? እሱንስ «መቼ ነው የምታገባው?» የሚለው ማን ነው? እንዲህ ሲሉትስ ማን ሻይ ጥዶለት ያውቃል?