መልስ፦ ዶልዮ ቻጊዬ መሻሻሉን በምን ልወቅ?

ሰላም ወንድሜ። ጣና ዳር ለብቻህ ቴኳንዶ እየሠራህ ዶልዮ ቻጊህ (ዳሌን አዙሮ ከጎን የሚመታው የእግር ምት) ይሻሻል አይሻሻል መለየት እንዳቃተህ ጽፈሃል። «ዛሬ ጥሩ ነበር» የሚል ስሜት አይበቃም፤ የሚቆጠር ነገር ያስፈልግሃል።

ስልክህን በወገብህ ቁመት፣ 3 ሜትር ያህል ርቆ፣ በጎንህ በኩል አቁም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰውነትህን አሟሙቀህ ገና ሳትደክም፣ በእያንዳንዱ እግር 10 ምት ቅረጽ። የባሕር ዳር ሙቀት ቶሎ ያዝላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይሁን። ሰዓቱ ከተለዋወጠ ማወዳደር አትችልም።

ቪዲዮውን አዝግመህ ስታይ መጀመሪያ የቆምክበትን እግር ተመልከት። ምቱ ሲያርፍ ተረከዙ ወደ ዒላማው መዞር አለበት። ካልዞረ ዳሌህ አይከፈትም፣ ምቱም ኃይል ያጣል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ጉልበትህ ይጠመዘዛል። ሐይቁ ዳር ያለው ሣር ጫማ እየያዘ እንዳትዞር ያደርጋል፤ ለዚህ ልምምድ ልስን ወለል ፈልግ። ቀጥሎ ጉልበትህ ታጥፎ መነሣቱን እይ፤ ከመሬት ተዘርግቶ የሚነሣን እግር ተጋጣሚ ቀድሞ ያየዋል። እግርህ መልሶ ታጥፎ በሚዛን ካረፍክ ምቱን ቁጠረው፣ ከተንገዳገድክ ሰርዘው።

ደብተርህ ላይ «ቀኝ 7፣ ግራ 4» ብለህ ጻፍ። ከዚያ አንድ ጉድለት ብቻ መርጠህ ሁለት ሳምንት ሥራበት። ደካማው እግር 8 ሳይደርስ ፍጥነት አትጨምር፤ ግድግዳ ይዘህ፣ ጉልበትህን አጥፈህ አንሥተህ 5 ሰከንድ እየቆየህ በዝግታ ምታ።